ደራሽን ያደረቅን ጊዜ

የማላውቀው ነገር ላይ አፌን አልከፍትም ብል ውሸቴን ነው። እከፍታለሁ። ስከፍትም እንደ ሰው በልክ አይደለም። ሰፈሩ «ቮልቴጅ» ይለኛል። እኔ በሙያዬ የወጣልኝ ስም ነው እላለሁ፤ እህቴ ግን «የለም፣ ሲነኩህ ስለምትነዝር ነው» ትላለች። እሷ ካለች እውነት ነው። ታላቄ ናት፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ከእናታችን ይልቅ የእሷን ጀርባ ነው የማውቀው።

ሥራዬ ብየዳና የኤሌክትሪክ ጥገና ነው። ሱቄ ገበያው መግቢያ ላይ ያለች ባለ አንድ በር የቆርቆሮ ቤት ናት። በሩ ላይ ሞርሳ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ ፒንሳዎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሰው «አይሠራም» ብሎ ጥሎት የሄደ ዕቃ ክምር አለ። እኔን የሚያኖረኝ ያ ክምር ነው። ማድረቂያውንም የሠራሁት ከእሱ ነው።

ማድረቂያ ስላችሁ የተራቀቀ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሣጥን ነው። ከታች ጥቁር ቀለም የተቀባ ላሜራ በመስታወት ተሸፍኖ ለፀሐይ ተጋድሟል፤ እዚያ የገባው አየር ይግልና ወደ ላይ ይወጣል። ላይ እንደ ቁም ሣጥን የቆመ ነገር አለ፣ ውስጡ አምስት ባለ ወንፊት መደርደሪያ። ቲማቲሙ፣ ማንጎው፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ እዚያ ላይ ይሰጣል። አናቱ ላይ ከተጣለ ኮምፒውተር የነቀልኳት ማራገቢያ እርጥቡን አየር እየሳበች ታወጣለች፤ የምትሠራው ክንድ በምታህል ሶላር ነው። ደመና ከሆነ ደግሞ መላ አለኝ፤ ከሥር ከተበላሸ የዳቦ መጋገሪያ ያወጣሁት የማሞቂያ ሽቦ አለ፣ ከመብራት ይሰካል፣ ሙቀቱን የሚቆርጥና የሚለቅ ቁልፍም አለው። ይኸው ነው። ቁጥሩ ከቁልፉ ላይ ስለተፋቀ እኔ ራሴ በቴርሞሜትር እየለካሁ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ።

ስለዚህ ነገር የግብርና ቢሮው የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኙ ማራገቢያው ከሥር ሆኖ አየር ይገፋል አለ። እኔ «የለም፣ ከላይ ሆኖ መሳብ አለበት፤ ከሥር ከገፋ አቧራውን ሁሉ ምግቡ ላይ ይነፋዋል» አልኩ።

«ጥያቄ መጨረሻ ላይ» አለኝ።

«ጥያቄ አይደለም፣ መልስ ነው» አልኩት።

ሰው ሳቀ፣ እሱ አልሳቀም። ነገር ነገርን እየጎተተ «ከፈለጉ እርስዎ ያስተምሩ» እስከማለት ደረሰ፤ እኔም ደብተሬን አንስቼ ወጣሁ። በማግስቱ ቢለምኑኝም አልሄድም አልኩ። የለመነኝም አልነበረም። ስለ ማራገቢያው ግን ትክክል ነበርኩ፤ ዛሬም ትክክል ነኝ። ምን ያደርግልኛል!

የመጀመሪያውን ማድረቂያ እህቴ ግቢ ውስጥ ተከልኩት። የእሷ መንደር ከገበያው በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፣ አሥር አባወራ። ቲማቲም በረከሰ ቁጥር መሬት ላይ ሲበሰብስ የኖረ ሰው፣ ሲደርቅና በከረጢት ሲታሸግ ሲያይ ጉድ አለ። ሴቶቹ ተራ አውጥተው ከተፉ፣ ሰጡ፣ ገለበጡ። ማንጎው እንደ ከረሜላ ሆነ። ሁሉ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እጅህ ይባረክ» ይለኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ምርቃት አይበቃኝም፤ ደረቴን ነፍቼ፣ ያልጠየቀኝንም ሰው አቁሜ ስለ ማራገቢያው አስረዳው ነበር። አንድ አሮጌ ገበሬ ብቻ «ሣጥን አላምንም፣ ሣጥን ለሬሳ ነው» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ድሮም ስሙ «አሻፈረኝ» ነው፤ በስሙ ማን ይጠራዋል?

አሁን ስለ ደራሽ ልንገራችሁ።

ደራሽ የበቆሎ ዘር ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ቀላ ያለ፣ ሲያዩት የማያምር። ከሱቅ የሚገዛው በቆሎ እስኪያፈራ አምስት ወር ይፈልጋል፤ እዚያ መንደር ዝናቡ ሦስት ወር ከቆየ ተመስገን ነው። ደራሽ በሰባ አምስት ቀኑ ይደርሳል። ዝናቡ ሻንጣውን ሳያነሳ እሱ እሸት ሆኖ ይቆያል። ስሙንም ያገኘው ለዚህ ነው። ከሌላ አካባቢ መጥቶ አያውቅም፣ ወደ ሌላ አካባቢም ሄዶ አልበቀለም። ከአያቶቻችን ወደ እናታችን፣ ከእናታችን ወደ እህቴ የመጣ ነው። በየዓመቱ ምርጥ ምርጡ ዛላ ተለይቶ ለዘር ይቀመጣል። የዘሩን አመራረጥ ከእህቴ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ከአሻፈረኝ በቀር ሁሉም ቤት ዛላውን ለእሷ ያመጣል፤ እሷ ትመርጣለች፣ ታደርቃለች፣ ጣራው በማያፈስ ቤቷ ታስቀምጣለች።

ያን ዓመት በመኸር መሐል፣ ማንም ያልጠራው ዝናብ መጣ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። ፀሐይ የሚባል ነገር ጠፋ። የደራሽ ዛላ በየቤቱ ግድግዳ ላይ እንደተንጠለጠለ ላብ ላብ ይል ጀመር፤ አንዳንዱ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ። እህቴ በዝናቡ፣ ላስቲክ ተከናንባ ሱቄ ድረስ መጣች። እሷ ሱቄ መጥታ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ የብየዳው ሽታ ያማታል። ባዶ የቀለም ጣሳ ገልብጬ አስቀመጥኳት።

«ዘሩ ሊሻግት ነው» አለች።

«ታዲያ ሣጥኑ ምን ይሠራል? ክተቺዋ!»

«እሱን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።» ከጉያዋ አንድ ዛላ አወጣችና እጄ ላይ አኖረችው። «ቲማቲም ይበላል፣ ያልቃል። ይሄ ግን ይዘራል። ለዘርም ይሆናል ወይ? እርግጠኛ ነህ?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። «ቆይ ጠይቄ ልንገርሽ» ማለት ይቻል ነበር፤ የግብርና ቢሮው ከሱቄ ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም። እኔ ግን የብየዳ መነጽሬን ግንባሬ ላይ እንደሰቀልኩ፣ ቀና እንኳን ሳልል «እትዬ ደግሞ! ከደረቀ ደረቀ ነው! ውሃ ውሃ ነው፣ ከቲማቲም ወጣ ከበቆሎ ወጣ» አልኳት። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባል የለ? ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!

እሷ አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? ሬዲዮ ስሠራ አይታኛለች፣ የሞተ ሞተር ሳስነሳ አይታኛለች። «እንግዲህ አንተ ካልክ» አለችና ላስቲኳን ተከናንባ ተመለሰች።

በማግስቱ ሄጄ ከመብራቱ ጋር አገናኘሁት። ከአሻፈረኝ በቀር ሁሉም ቤት ዛላውን ፈልፍሎ በየጨርቁ ቋጥሮ መጣ። ፍሬው እርጥብ ነው፣ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። በአምስቱ መደርደሪያ ላይ በየተራ ዘረጋነው። ቁልፉን ስድሳ አምስት ዲግሪ ላይ አደረግሁት፤ ለቲማቲም የሚያስፈልገው እሱ ነው፣ እኔ የማውቀውም እሱን ብቻ ነው።

እዚያ መንደር እህል መድረቁ የሚታወቀው በጥርስ ነው። አንዲት ፍሬ በመንጋጋ ይያዛል፤ ልምጥ ካለ ገና ነው፣ ቀጭ ካለ ደርቋል። በሁለተኛው ቀን ሁሉም እየመጣ ይነክሳል። «እምም… ቀጭ ሊል ነው፣ ግን ትንሽ ይቀረዋል።» «የእኔ ገና ልምጥ ይላል፣ ጨምርበት እንጂ!» ጨምርበት፣ ጨምርበት ሆነ ነገሩ። በሦስተኛው ቀን ሰባ አስገባሁት። ያኔ ቀጭ ማለት አይደለም፣ እንደ ብርጭቆ ተሰበረ! አንዷ ሴትዮ ጥርሷን ሸረፈችና አፏን በእጇ ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። ሁሉም ሳቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እኛ እዚያ ሙቅ ሣጥን ዙሪያ ቆመን እንደ ሰርገኛ እንስቅ ነበር። እህቴ አንድ እፍኝ አንስታ በጣቶቿ መሐል አፈሰሰችው፤ ሻጋታ የለ፣ ነቀዝ የለ፣ ጥርት ያለ። «እንዲህ ያለ ዘር በዕድሜዬ አላየሁም» አለች። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ሰው ሆኜ ተቆጠርኩ፣ ለእሷ አንድ ነገር ከፈልኩላት ብዬ ነበር።

ዘሩ በአሥር ጆንያ ተቋጥሮ እህቴ ቤት ተቀመጠ። አራት ወር አለፈ።

መዝሪያው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት የግብርና ባለሙያ ሱቄ መጣች። ወጣት ናት፣ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፣ ስለ ማድረቂያው ሰምታ ልታይ ነው የመጣችው። እኔ መቼስ ለዚህ አልሰንፍም። ስለ ማራገቢያው ነገርኳት፤ «ትክክል ነዎት፣ ከላይ ነው መሳብ ያለበት» አለችኝ። ወደድኳት። ስለ ቲማቲሙ ነገርኳት። ከዚያ በኩራት «ምን ቲማቲም ብቻ! የመንደሩን የዘር በቆሎ በሙሉ እኮ ነው ከዝናብ ያተረፍኩት» አልኩ።

የምትጽፍበትን እስክሪብቶ አቆመች። «ጋሼ፣ ስንት ዲግሪ ላይ?»

«ስድሳ አምስት። በመጨረሻው ቀን ሰባ አስገብቼዋለሁ፤ እንደ ብርጭቆ ነው የሆነው!»

ቀና ብላ አየችኝ። ሰው ክፉ ወሬ ሲይዝ ፊቱ ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። «ጋሼ፣ ዘር እኮ ነፍስ አለው» አለች ቀስ ብላ። «ለመብላት ከሆነ ችግር የለውም። ለመዝራት ከሆነ ግን ከአርባ ሦስት በላይ አይሞቅም። በተለይ እርጥብ ሆኖ ከሞቀ… ውስጡ ይበስላል።»

ነዘርኩባት። ሌላ ምን አውቃለሁ? «አሁን ነው የምትነግሪኝ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አራት ወር ሙሉ የት ነበራችሁ? ቢሮ ቁጭ ብላችሁ ወረቀት ከምትቆጥሩ ለሰው አትናገሩም?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ተናግረን ነበር፣ ጋሼ» አለች። «ሥልጠናው ላይ ሁለተኛው ቀን የዘርና የእህል ነበር። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስምዎን ሁለት ጊዜ ጠርቼ ቀሪ ብዬ ጻፍኩ።»

ሞርሳው ላይ ተደገፍኩ። የሆነ ሰው የሬዲዮ ባትሪ ሊጠይቅ በሩ ላይ መጣና ፊቴን አይቶ ተመለሰ።

መሞከሪያ መንገድ እንዳለው አስረዳችኝ። መቶ ፍሬ ወስዶ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰባት ቀን ማቆየት፤ ያጎነቆለውን መቁጠር። ሰማንያ ቢበቅል ጥሩ ነው፣ ሃምሳም ቢሆን አጥብቆ መዝራት ነው። «ምናልባት የላይኞቹ መደርደሪያዎች ያን ያህል አልሞቁ ይሆናል» አለችኝ። በዚያች ምናልባት ላይ ተንጠለጠልኩ።

እህቴ ዘንድ ሄድኩና ዋሸኋት። የግብርና ሰዎች ዘሩን ሊያዩት ይፈልጋሉ አልኳት። ፊቷ በራ! «ይዩት እንጂ፣ ይዩት! ከሱቅ ግዙ እያሉ አደረቁን እኮ።» ከአሥሩም ጆንያ አሥር አሥር ፍሬ ራሷ ለቀመችልኝ፤ ደህና ደህናውን እየመረጠች፣ ጫፉ የተላጠውን እየመለሰች፣ አፈሩን በቀሚሷ እየጠረገች። «አደራ፣ ሲጨርሱ መልሰው ይስጡ፤ መቶ ፍሬ ማለት መቶ እግር በቆሎ ነው» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

የድሮ ከናቴራዬን አጥቤ፣ በውሃ አርሼ፣ ፍሬዎቹን በረድፍ ደርድሬ ጠቀለልኩ። ሳህን ላይ አድርጌ ሱቄ ውስጥ፣ ብየዳ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ውሃ ስረጭ ዋልኩ። ሰው ሥራ ሲያመጣ «ነገ» እላለሁ። የእኔ ነገር ያስቃል፤ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ እንደ ዶሮ እንቁላል የምታቀፍ ሆንኩ።

በሦስተኛው ቀን ፈትቼ አየሁ፤ አብጠዋል። ደስ አለኝ። ባለሙያዋ ግን «ውሃ ሲጠጣ የሞተውም ያብጣል» አለችኝ። በአራተኛው ቀን ምንም የለም። በአምስተኛው ቀን አንዷ ፍሬ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ ነገር ወጥታ አየሁ። ጮህኩ! ጎረቤቴ ያለችው የሳሙና ነጋዴ እሳት የተነሳ መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች። «በቀለ! በቀለ!» እላታለሁ፤ አንድ ፍሬ በቆሎ እያሳየሁ። «እሱስ በቅሏል፣ አንተ ግን ታመሃል» ብላኝ ሄደች። እኔ አንድ ከበቀለ ሌላውም ይከተላል ብዬ ነበር። በስድስተኛው ቀን ያች ነጭ ጫፍ ባለችበት ቆመች። በሰባተኛው ቀን ጠቆረች። ጨርቁን ስፈታው የጎመዘዘ ሽታ ወጣ፤ ፍሬዎቹን ስነካቸው ሟሙ። ከመቶው አንድም የለ። ባለሙያዋ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ደብተሯ ላይ ዜሮ ጻፈችና ቶሎ ከደነችው።

«ሌላ ዘር ከቢሮው ላመጣላችሁ እችላለሁ» አለች።

«በስንት ቀኑ ይደርሳል?»

«በመቶ አርባ።»

ሁለታችንም ዝናቡ ስንት ቀን እንደሚቆይ እናውቃለን።

በድንገት አሻፈረኝ ትዝ አለኝ። ያ ሣጥን አላምንም ያለው ሽማግሌ! እሱ ድሮም እንደ አባቶቹ ዛላውን ከምድጃው በላይ ሰቅሎ በጭስ ነው የሚያደርቀው። አንድ ጆንያ እንኳ ቢኖረው፣ ግማሽ ጆንያ፣ አንድ እፍኝ እንኳ ቢኖረው አባዝቶ፣ ከርሞ እንኳ ባይሆን በተከታዩ ዓመት መነሳት ይቻላል። የአንዱን ሰዓት መንገድ በግማሽ ሰዓት ሄድኩት። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ የማረሻ እጀታ ይጠርባል።

«አባባ፣ የእርስዎ ደራሽ የት ነው ያለው?» አልኩ እንደቆምኩ።

«ምነው? እግዜር ይማርህ፣ መጀመሪያ ሰላም በለኛ።»

«የእርስዎ ዘር ጭስ ላይ ነው አይደል የደረቀው? ሣጥን ውስጥ አልገባም አይደል?»

መጥረቢያውን አስቀመጠ። ዞር ብሎ ቤቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ ሰው እንዳትነግር» አለኝ፤ ፊቱ እንደ ልጅ አፈረ። «ሦስተኛው ቀን ላይ የሰዉ ሁሉ ዘር ቀጭ ቀጭ ሲል ስሰማ… የእኔ ጭስ ላይ ሆኖ ልምጥ ልምጥ ይላል። እህትህን በጓሮ ለምኜ አስገባችልኝ። የመጨረሻው መደርደሪያ ላይ፣ ከሥር። ወይ አንተ! ሣጥንህ እኮ ወርቅ ነው። ክፉ ተናግሬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

ከሥር ያለው መደርደሪያ የማሞቂያው ሽቦ ያለበት ነው። እኔ ነኝ ይቅር በለኝ ማለት የነበረብኝ። እጁን ጨብጬ ወጣሁ። እሱም የዋህ፣ ስለ ሣጥኑ ላመሰግን የመጣሁ መስሎት እስከ አጥሩ ሸኘኝ።

እህቴ ጓሮ ነበረች። ማሳዋን አርሳ ጨርሳለች፤ አፈሩ ተገላብጦ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ልስልስ ብሎ ዘር ይጠብቃል። እሷ ድንጋይ እየለቀመች ከዳር ትጥላለች። «እትዬ፣ ነይ ቁጭ በይ» አልኳት።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል። ታመሃል?»

«ዘሩ ሞቷል።»

«የቱ ዘር?»

«ደራሽ። ሙቀቱ ገድሎታል። እኔ ነኝ። ለዘር ይሆናል ወይ ስትዪኝ አላውቅም ነበር፤ ይሆናል አልኩሽ። የግብርናዋ ልጅ ለመብላት እንጂ ለመዝራት አይሆንም አለችኝ፤ ከመቶው አንድ አልበቀለም። የአሻፈረኝም ገብቶ ነበር። ምንም አልተረፈም።»

እህቴ ቀሚሷ ላይ የሰበሰበችውን ድንጋይ አንድ በአንድ መሬት ላይ አኖረች። ጠበቅኳት። ብትመታኝ፣ ብትረግመኝ፣ «አፈር ብላ» ብትለኝ ምኞቴ ነበር። «ሁሉም?» አለች።

«ሁሉም።»

«የመረጥኳቸውም?»

«እነሱም።»

ተነሳችና እጇን ታጠበች። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ፣ ራሷን አስራ ከበሩ ወጣች። ልከተላት ስል «ተቀመጥ» አለችኝ፤ ያኔ በሕፃንነቴ ስትቆጣኝ እንደምትለው አድርጋ። ተቀመጥኩ።

ዘጠኙንም ቤት ዞራ ከቀትር በኋላ ተመለሰች። ምን አሉ አልኳት። «ምን ይላሉ» አለች። አንዷ ጎረቤት ራሷን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አንዱ «ሣጥኑ ቢጠገን እንደገና ይነሳል ወይ?» ብሎ ጠይቋታል፤ አልገባውም። አሻፈረኝ ገብቶ በሩን ዘግቷል። ጥርሷን የሸረፈችው ሴትዮ ባል ልጆቹን ይዞ ወደ ከተማ ለቀን ሥራ ሊወርድ ወስኗል።

«ስለ እኔስ ምን አልሻቸው?»

«እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ ሙቀቱን ጨምርልኝ ብዬ የነዘነዝኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።»

«እትዬ! ለምን?»

«አንተ ገበያ ውስጥ ነው የምትኖረው፣ በሰው እጅ ነው እንጀራህ። እኔን ምን ያደርጉኛል?»

ማልቀስ ጀመርኩ። ሽማግሌ ሊሆን የደረሰ ሰው፣ እንደ ሕፃን፣ በንፍጥ። እሷ ግን ወደ ውስጥ ገብታ የራሷን ጆንያ እየጎተተች ወጣች። የቋጠረችበትን ገመድ ፈታች፣ ትልቁን ድስት አመጣች፣ በሁለት እጇ እየዛቀች ጨመረች፣ ውሃ ሞላችበትና እሳት አነደደች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለመብላት ይሆናል አላለችህም ልጅቷ? ይበላ።»

ደረቅ ስለሆነ እስኪበስል ብዙ ፈጀ። ውሃው ሲጎድል ትጨምራለች። ከዚያ ዓይኗን ከእሳቱ ሳታነሳ እንዲህ አለችኝ፦

«ካንተ በላይ የነበረው ወንድማችን በምን ሞተ ብላ ነበር እናታችን የምትነግርህ?»

«በትኩሳት።»

«ትኩሳት የለበትም። አንተ ደረት ላይ ነበርክ፣ እሱ ሦስት ዓመቱ፣ እኔ ዘጠኝ። ዝናቡ ሁለት ዓመት ቀርቶ ነበር። ቤት ውስጥ ያለው ይሄ ዘር ብቻ ነው፣ ይህችን በምታህል ጆንያ። ‹እማዬ አንድ እፍኝ ቀቅይለት› ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ‹የእኛ አይደለም፣ የከርሞ ነው› አለችኝ። ጆንያው ላይ ተቀምጣ ዋለች። እሱ በሦስተኛው ቀን ሄደ። ከርሞ ዝናቡ መጣ፣ ዘራነው። አንተ ያደግከው በዚያ ነው፣ እኔም፣ መንደሩም። እናታችን እስክትሞት ድረስ የእሱን ስም ጠርታ አታውቅም።»

ይሄን ሁሉ ዓመት ደብቃኛለች። አፌ አልከፈት አለ፤ እንደዚያ ሆኖብኝ አያውቅም።

ድስቱን አወረደች። በሳህን ሞልታ፣ ጨው በትናበት፣ እፊቴ አኖረችው። ለራሷም ወሰደች። በቆሎው ፈንድቷል፣ ይተናል።

«ብላ» አለችኝ። «አሁንማ የከርሞ አይደለም።»

በላሁ።